የሳንባ ራጅ ጥናቴን ደሴ ላይ ሳቀርብ የጠቀመኝ

የሕክምና ምስል ጥናት ከሌሎች ጥናቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ማስረጃው ለታዳሚው ሁሉ በግልጽ ይታያል። ስለ አፈር ለምነት ያጠና ሰው አፈሩን ተሸክሞ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ሠንጠረዡን ያሳያል፣ ታዳሚውም ሠንጠረዡን አምኖ ጥያቄውን ይጠይቃል። የደረት ራጅ የሚያሳይ ሰው ግን ከፊቱ ራጅ ሲያነቡ የኖሩ ሐኪሞችና ራጅ ሲያነሱ የኖሩ ባለሙያዎች ተቀምጠዋል። እነርሱ አቅራቢው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ምስሉን አንብበው ጨርሰዋል። ይህን የተጠራቀመ ዓይን ለጥናቱ ማዋል የአቅራቢው ዋና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። በትምህርት ክፍላቸው ሲምፖዚየም ላይ የምስል ጥናት ለማቅረብ የሚዘጋጁ ተማሪዎችና ወጣት መምህራን የሚጠቅማቸውን እንዲወስዱ ነው ተሞክሮዬን የምጽፈው።

የምማረው ኮምቦልቻ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ኮምፒውተር የደረት ራጅን አይቶ የሳንባ ነቀርሳ የሚያጠራጥርበትን ሰው እንዲለይ ማሠልጠን ነው። ሲምፖዚየሙን ያዘጋጀው የትምህርት ክፍላችን ቢሆንም የተካሄደው ደሴ ነበር፤ የጤና ሳይንስ መምህራን፣ ሐኪሞችና የራጅ ባለሙያዎች እንዲገኙ ተፈልጎ ነበርና። በዚህ ምክንያት ከታዳሚው ግማሹ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌዎች የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እንዴት እንደሚሠለጥን ያውቃል፣ ስለ ሳንባ ግን ብዙም አያውቅም። ሌላው ግማሽ ሳንባን አብጠርጥሮ ያውቃል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን ግን የሰማው ከዜና ነው። ለአንዱ ወገን ብቻ ተናግሮ መውረድ ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። እኔ ግን ከሁለቱም የምፈልገው ነገር ነበረኝ።

ርዕሱን የመረጥኩት በሽታው ቅርባችን ስላለ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ድረስ የሄደ ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ምን ያህል እንደሚያንገላታ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በቲቢ ልየታ ጊዜ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ዲጂታል የደረት ራጅ በሰው አንባቢ ፋንታ ኮምፒውተር ሊያነበው እንደሚችል ገልጿል። በሽታውን የሚያረጋግጠው ግን የአክታ ምርመራ፣ ለምሳሌ ጂን ኤክስፐርት ነው። ይህ ልዩነት ገና ከጅምሩ ካልተነገረ እያንዳንዱ ሐኪም አቅራቢዋ በራጅ ብቻ መድኃኒት ልታስጀምር ነው ብሎ ይሠጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚባለውንም በዚያው ሥጋት ነው የሚሰማው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስላይዴ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ በሳል ምክንያት ራጅ ከተነሱ ሰዎች መካከል አክታቸው ቀድሞ መመርመር ያለበት የትኞቹ ናቸው?

የተሰጠኝ ጊዜ 15 ደቂቃ ነበር፤ አሥሩ ለንግግር፣ አምስቱ ለውይይት። ከዚያች ጥያቄ ጋር የማይገናኘውን ሁሉ አወጣሁ። የሞዴሉን ውስጣዊ አሠራር የሚያሳዩት ሥዕሎች ከማመስገኛው ገጽ በኋላ ወዳሉት ተጨማሪ ስላይዶች ሄዱ፤ የሚጠይቅ ካለ ይታያሉ። ብዙ አቅራቢዎች ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ጨረሩን ካገኘበት ዕለት ይጀምራሉ። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ለእርሱ ነው። ይሁን እንጂ አሥር ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ሁለቱን ለሮንትገን ከሰጠ ለታካሚው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ምስሉ ልምጣ፤ ብዙ መልካም ጥናት መልኩን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ዲጂታል የራጅ ማሽን የሚያስቀምጠው ምስል ብዙ ጊዜ 4,096 የግራጫ ደረጃዎች አሉት። ተራ ኮምፒውተርና ስላይድ የሚያሳዩት 256 ያህሉን ነው። ፕሮጀክተር ደግሞ የመስኮት ብርሃን በሚገባበት አዳራሽ ከዚያም ያነሰ ያሳያል፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይለወጣል፣ በሳንባው አናት ላይ ያለች ስስ ጥላ ትጠፋለች። የቲቢ ምልክት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያቺው ስስ ጥላ ናት። ራዲዮሎጂስቶች ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ በልዩ ስክሪን የሚያነቡት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን ያንኑ ምስል በጠራራ ብርሃን ነጭ ግድግዳ ላይ ጥለን «እንደምታዩት» እንላለን።

በዋዜማው አዳራሹን እንድሞክረው አዘጋጆቹን ጠየቅሁ፤ ፈቀዱልኝ። አንድ የመፈተሻ ስላይድ ሠርቼ ነበር፦ ከጥቁር እስከ ነጭ ደረጃ በደረጃ እየነጡ የሚሄዱ 16 ሳጥኖች፣ በእያንዳንዱ ሳጥን መሃል ደግሞ ከሳጥኑ በጥቂቱ ብቻ የነጣ ነጥብ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነጥቡ የማይታይባቸውን ሳጥኖች ለየሁ። በጥቁሩ በኩል ያሉት ተደባልቀው ነበር። መጋረጃው ሲዘጋና የመድረኩ መብራት ሲጠፋ አብዛኞቹ ታዩ። የቀረውን በምስሉ ላይ አስተካከልኩ፤ የሳንባውን ክፍል ቆርጬ አጎላሁት፣ ንፅፅሩን ከፍ አደረግሁት፣ ይህን ማድረጌንም ከምስሉ ሥር በአንድ መስመር ጻፍኩ። ያቺ መስመር እንዳትዘለል እለምናለሁ። ታዳሚው በምስሉ ላይ ምን እንደተነካ ካላወቀ፣ ለዓይን እንዲመች የተደረገው ማስተካከያ ውጤት ለማሳመር የተደረገ ሊመስለው ይችላል።

በኋላ ከማነሣው የስህተቶች ስላይድ በቀር በአንድ ስላይድ ላይ ከሁለት ምስል በላይ አላስቀመጥኩም፦ በግራ ጤነኛ ሳንባ፣ በቀኝ የታመመ። የሁለቱም ዳራ ጥቁር ነበር፤ ነጭ ዳራ ዓይንን ስለሚያጥበረብር በምስሉ ውስጥ ያለውን ጥላ ይሸፍናል። ፋይሉን የምስሉን ዝርዝር በማይቀንሰው በፒኤንጂ ዓይነት አስቀመጥኩት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ራጅ ለስላይድ አይሆንም፤ ሲላክ ዝርዝሩ ይቀነሳል። ምስሉ ሳጥኑን እንዲሞላ ተብሎ ወደ ጎን መለጠጥም የለበትም። የልብን ስፋት ለደረት ስፋት አካፍሎ የሚገኘው ቁጥር በዚያ ባይለወጥም ልቡ ያበጠ ይመስላልና ሐኪሞቹ ስለ ሌላ በሽታ ማሰብ ይጀምራሉ።

ምስሉን ካወጣሁ በኋላ ወዲያው ቀስት አላመለከትኩም። «እስቲ ለጥቂት ሰከንዶች ተመልከቱት» ብዬ ዝም አልኩ። መድረክ ላይ ቆሞ ዝም ማለት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪሞቹ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ፣ የምህንድስና ተማሪዎቹ አጠገባቸው ያለውን ሰው ሲጠይቁ ይታያል። ቀስቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ራሱ የፈለገውን ነገር ሲያገኘው ያስታውሰዋል፤ አመልካች ቀይ ክብ ከመጀመሪያው ከተሠራበት ግን የሚያየው ክቡን ብቻ ነው።

የሲቲ ስካን ጥናት ያላችሁ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። በሲቲ ምስል ላይ እያንዳንዱ ነጥብ በሃውንስፊልድ መለኪያ ቁጥር አለው፤ ውሃ 0 ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000። ከዚህ ሰፊ ክልል የትኛው ክፍል በስክሪን እንደታየ ካልተጻፈ ምስሉ ሊነበብ አይችልም። ለሳንባ የተለመደው 1,500 ስፋት ከዜሮ በታች 600 ማዕከል፣ ለአንጎል ደግሞ 80 ስፋት 40 ማዕከል ነው። በሳንባው ክልል የታየ አንጎል አንድ ወጥ ግራጫ ነው፤ ደም ቢፈስበትም አይታይም። ሁለቱን ቁጥሮች ከምስሉ ሥር መጻፍ ለሐኪሙ አክብሮት ነው።

የመብራት መጥፋትን በሚመለከት የመከረኝ አማካሪዬ ነው። ከፋይሎቹ ሌላ የታካሚዎቹ ማንነት የማይታወቅባቸውን ሁለት ምስሎች በእውነተኛ የራጅ ፊልም ላይ አሳትሜ ያዝኩ። መብራቱ በንግግሬ መካከል ጠፋ። መጋረጃው ተከፈተ፣ ፊልሞቹ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ በመስኮቱ ብርሃን ታዩ፤ እኔም ንግግሬን ቀጠልኩ። መብራቱ ሲመለስ ፊልሞቹ ገና በኋለኛው ረድፍ ላይ ነበሩ፤ ሁለት ነርሶችና አንድ የራጅ ባለሙያ እየተወያዩባቸው ነበር።

ከሁሉም አብልጬ የማስበው ግን ሞዴሉ የተሳሳተባቸውን ምስሎች ስለማሳየት ነው። አብዛኛው የምስል ጥናት አቀራረብ ያማሩትን ምስሎች ይመርጣል፤ ጥላው ጎልቶ የሚታይ፣ ሞዴሉም በትክክል ያመለከተው። እንዲህ ዓይነቱን ምስል ለማንበብ ሞዴል አያስፈልግም፤ ተለማማጅ ሐኪም ሁሉ ያነበዋል። ጥናቱን የሚያሳድገው ስህተቱ ነው፤ ስህተቱን ሊያስረዳ የሚችለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የለም።

ከሲምፖዚየሙ በፊት ሞዴሉ ጤነኛ ሰዎችን «ተጠርጣሪ» ያለባቸውን ምስሎች ይዤ አንድ የራጅ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሦስተኛው ምስል ላይ ሲደርሱ «እህቴ፣ ይህ እኮ ፀጉር ነው» አሉኝ። የሴትዮዋ ሹሩባ በትከሻዋ ላይ ወርዶ በሳንባዋ አናት ላይ አርፏል፤ ወፍራም ጉንጉን በራጅ ላይ ረዣዥም ነጭ መስመሮችና ደብዛዛ ጥላ ሆኖ ይታያል። የሳንባ ነቀርሳ በአዋቂዎች ላይ የሚያዘወትረውም ያንኑ የሳንባ አናት ነው። ባለሙያው ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ሥራቸውን ምን ያህል እንደሚወዱት ያስታውቃል፦ ሹሩባዋን ወደ ላይ ሰብስባ እንድትይዝ መንገር፣ የማተቡን መስቀል ማስወለቅ፣ ክታብ ያለው ሰው ለአፍታ እንዲያስቀምጠው በትሕትና መጠየቅ፣ ትንፋሹን ስቦ እንዲይዝ ማድረግ። ወረፋው ሲረዝም ከእነዚህ አንዱ ይዘለላል፣ የተዘለለውም ነገር ምስሉ ላይ ይቀራል። በውጭ አገር በተሰበሰቡ ምስሎች ብቻ የሠለጠነ ሞዴል ሹሩባን ከየት ያውቀዋል?

ሥልጠናው የተካሄደው በአብዛኛው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች ይፋ ባደረጋቸው ሁለት ስብስቦች ነበር፤ አንደኛው ከቻይናዋ ሼንዠን የመጣ 662 ምስል፣ ሌላው ከአሜሪካው ሞንትጎመሪ ካውንቲ የመጣ 138 ምስል። በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከአካባቢያችን ያገኘሁት ጥቂት ምስል ለፈተና ብቻ ዋለ። ውጤቱ በውጭዎቹ ምስሎች ላይ ከፍ ያለ፣ በእኛዎቹ ላይ ዝቅ ያለ ነበር። ይህን ልዩነት በትልቁ ስላይድ ላይ አስቀመጥኩት፤ ለደሴ ሐኪም የሚጠቅመው ቁጥር የእኛው ነውና።

በስህተቶቹ ስላይድ ላይ አራት ምስሎች ነበሩ፤ ሁለቱ ሞዴሉ በሐሰት የከሰሳቸው፣ ሁለቱ ያመለጡት። በእያንዳንዱ ላይ ሞዴሉ ያተኮረበትን ቦታ በቀለም የሚያሳየውን የሙቀት ካርታ ደረብኩበት። በአንደኛው ምስል ቀለሙ ያረፈው ሳንባው ላይ ሳይሆን ቀኝና ግራን ለመለየት በማዕዘኑ ላይ በታተመችው የጎን ምልክት ፊደል ላይ ነበር። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የሳንባ ምችን ለመለየት የሚሠለጥኑ ሞዴሎች ምስሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየት እንደሚችሉና ያንን እንደ አቋራጭ ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ አሳይቷል። ብዙ ሕመምተኛ ካለበት ሆስፒታል የመጣን ምስል «ታማሚ» ማለት ሳንባውን ከማንበብ ይቀላል። ተመሳሳይ ነገር በአልጋ ላይ በተነሱ ራጆችም ይታያል፤ ቆሞ መነሳት ያቃተው ሰው በተንቀሳቃሽ ማሽን ከፊት ለኋላ ሲነሳ ልቡ ከእውነተኛ መጠኑ ሰፍቶ ይታያል፣ ሞዴሉም በሽታውን ሳይሆን የአልጋውን አነሳስ ሊማር ይችላል።

ይህ ስላይድ እስኪመጣ ድረስ አዳራሹ በጨዋነት ያዳምጥ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን መናገር ጀመረ። አንድ አንጋፋ ሐኪም እጃቸውን አነሱና ሞዴሉ በሐሰት ከከሰሳቸው አንዱን እያመለከቱ «ልጄ፣ ይህ ሰው ቀድሞ ታክሞ የዳነ ሊሆን ይችላል። ጠባሳ ነው። ካርዱን አይተሽዋል?» አሉ። ቲቢ ከዳነ በኋላ የሚተወው ጠባሳ ከአዲሱ በሽታ በአንድ ራጅ ብቻ ሁልጊዜ አይለይም፤ ሐኪሞች የድሮውን ፊልም ከአዲሱ ጋር ያነጻጽራሉ፣ ታሪኩን ይጠይቃሉ። የተፈቀደልኝ መረጃ የቀድሞ ሕክምናን ታሪክ አይጨምርም ነበርና «መረጃው የለኝም፤ እንዲካተት ግን ለኮሚቴው አመለክታለሁ» ብዬ መለስኩ። እርሳቸውም ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ሰጡኝ። በጥናቱ ላይ ከተሰጡኝ አስተያየቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ሌላ ሐኪም ሥልጠናው ላይ ምስሎችን በመስታወት እንደሚታይ ግራና ቀኛቸውን ገልብጬ እንደሆነ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ለማንኛውም አቅራቢ ሊመጣ ይችላልና መልሱ ይዘጋጅ። የምስል ብዛት ለመጨመር ምስልን መገልበጥ በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ለድመትና ለመኪና ፎቶ ጉዳት የለውም። የደረት ራጅ ሲገለበጥ ግን ልብ በቀኝ በኩል ይሆናል፣ ጉበትም ቦታውን ይለውጣል። እኔ አልገለበጥኩም፤ ምክንያቱንም በተጨማሪ ስላይድ ላይ አስቀምጬ ነበር። በራጅ ላይ ታካሚው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ እንደቆመ ስለሚታይ የእርሱ ቀኝ በእኛ ግራ መሆኑን ደግሞ ለምህንድስና ተማሪዎቹ ቀድሜ ተናግሬ ነበር፤ ያለዚያ ክርክሩን መከተል አይችሉም።

ወደ ቁጥሩ ስመጣ ከሠንጠረዥ ይልቅ ሰዎችን ቆጠርኩ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሞዴል ከ100 ሕመምተኞች 90ዎቹን ያገኛል፣ ከ100 ጤነኞችም 90ዎቹን በትክክል ጤነኛ ይላል እንበል። በአንድ ሰፈር ከ1,000 ሰው 10ሩ ብቻ ታማሚ ከሆኑ ሞዴሉ 9ኙን ያገኛል፤ ከ990 ጤነኞች ደግሞ 99ኙን በሐሰት ይከሳል። ከተጠረጠሩት 108 ሰዎች እውነተኛ ታማሚዎቹ 9 ናቸው፤ ከመቶ ስምንት ያህል። ያንኑ ሞዴል ከ1,000 ሰው 200ው ታማሚ ወደሆነበት የሳል ክሊኒክ ብንወስደው 180 ታማሚ ያገኛል፣ 80 ጤነኛ በሐሰት ይከሳል፤ ከመቶ 69 ያህሉ እውነት ይሆናል። ማሽኑ አንድ ነው፣ የሚሠራበት ቦታ ግን ትርጉሙን ለውጦታል። ይህ ስላይድ ሲወጣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ የአክታ ምርመራ ስለሚያስፈልገው ካርትሬጅ ፍጆታ መጠየቅ ጀመሩ፤ እኔም የፈለግሁት ይህን ነበር። 99 ሰው በሐሰት መከሰሱ ለእነርሱ 99 ካርትሬጅ ነው፤ ለተከሰሰው ሰው ደግሞ ውጤቱ እስኪመጣ የሚያድረው ጭንቀት አለ።

ትንሽ ናሙና ያላችሁ «መቶ በመቶ» የሚለውን ቃል ከስላይዳችሁ አውጡት። 20 ሕመምተኞች ተፈትነው አንድም ባያመልጥ፣ 3ን ለ20 አካፍሉ፤ እውነተኛው የማምለጥ መጠን እስከ 15 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ያሳያችኋል። ይህች ቀላል ስሌት በስታትስቲክስ መምህራን ዘንድ የታወቀች ናት። በተጨማሪም የአንድ ታካሚ ምስሎች ከፊሎቹ ለሥልጠና፣ ከፊሎቹ ለፈተና እንዳይከፈሉ፤ ክፍፍሉ በታካሚ እንጂ በምስል አይሁን። ያለዚያ ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን ሰውየውን አስታውሶ ፈተናውን ያልፋል።

«ለምን የቆዩ ምስሎችን አላካተትሽም?» የሚል ጥያቄም ተነሣ። ከጠያቂው አጠገብ የነበሩት መልሱን ያውቁት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መሣሪያዎች ወድመዋል፤ ከመሣሪያው ጋር ማኅደሩም የጠፋበት ቦታ አለ። ከዚያ ወዲህ በተተኩ ማሽኖች የተነሱት ምስሎች ከቀድሞዎቹ ጋር በንፅፅርም በጥራትም አንድ አይደሉም። ስለዚህ በእኛ አካባቢ የምስል ጥናት የሚሠራ ሰው ምስሉ መቼና በምን ዓይነት ማሽን እንደተነሳ መዝግቦ ይያዝ፤ በኋላ ለሚነሣው ጥያቄ ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

የታካሚ ምስጢር ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ዳይኮም በሚባለው የሕክምና ምስል ፋይል ውስጥ ከምስሉ ጋር የታካሚው ስም፣ የልደት ቀን፣ የምርመራው ቀንና ተቋሙ አብረው ይቀመጣሉ፤ የፋይሉን ስም መለወጥ እነዚህን አያጠፋም። በአልትራሳውንድ ምስል ላይ ደግሞ ስሙ ብዙ ጊዜ በምስሉ ላይ ራሱ ታትሞ ይወጣል። የጭንቅላት ኤምአርአይም ከፊት ገጽታ ነፃ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከ84 ፈቃደኛ ሰዎች የ70ዎቹ ማንነት ከምስሉ በተሠራ ፊትና በፎቶግራፋቸው ንጽጽር ተለይቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግም ጉዳይ ነው። ደሴ ደግሞ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ዕድሜ፣ ሰፈርና የተመረመረችበት ወር አንድ ላይ ከተጻፉ ከታዳሚው አንዱ ጎረቤቱን ሊያውቃት ይችላል። እኔ ዕድሜን በአሥር ዓመት ክልል ብቻ ጻፍኩ፣ ቀንና ሰፈርን አወጣሁ። ታዳሚው ስላይዱን በስልኩ ፎቶ ማንሳቱ ስለማይቀርም፣ ከአዳራሽ እንዲወጣ የማልፈልገው ነገር ስላይድ ላይ እንዳይኖር አደረግሁ።

የጉዞውን ነገር በአጭሩ ልናገር። ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፤ የሐረጎ ዳገት ግን ጉም ሲወርድበት ወይም ከባድ መኪና ሲቆምበት ሰዓት ይበላል። ጠዋት የሚያቀርብ ሰው በዋዜማው ይግባ፣ ጋቢም ይያዝ፤ የደሴ ብርድ ኮምቦልቻ ለለመደ ሰው ቀላል አይደለም። ፖስተር ያለው በፕላስቲክ ጠቅልሎ በእጁ ይያዘው እንጂ የመኪና ጣሪያ ላይ አይስቀለው።

ስላይዶቼ በእንግሊዝኛ፣ ንግግሬ በአማርኛ ነበር። ጥያቄና መልሱን የሚጽፍልኝ የክፍል ጓደኛዬ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ነበር፤ አቅራቢው እየመለሰ መጻፍ ስለማይችል ይህ ሰው አስቀድሞ ይለመን። ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ምስል እንዳመለከተ፣ በኋላ ለማነጋገር ፈቃደኛ መሆኑን ጭምር ይጻፍ። በሻይ ዕረፍቱ እነዚያኑ ሰዎች ፈልጌ አነጋገርኳቸው። አንጋፋው ሐኪም ምስሎቹን ለማንበብ ፈቃደኛ ሆኑ፣ ሌላ አንባቢም ጠቆሙኝ።

አሁን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ያስገባሁት ማሻሻያ ጸድቆ የቀድሞ ሕክምና ታሪክ በመረጃው ውስጥ ተካቷል። ሁለቱ ሐኪሞች አንዱ የሌላውን ሳያይ ምስሎቹን እያነበቡ ነው፤ ስምምነታቸው በካፓ መለኪያ ይሰላል፣ በሚለያዩበት ሦስተኛ ሐኪም ይዳኛል። ከዚያ በፊት ሞዴሉን በአንድ ሰው ንባብ ብቻ መፈተን የዚያን ሰው ልማድ ከእውነት ጋር ያምታታል። የራጅ ባለሙያው ደግሞ ፀጉር፣ ማተብ፣ ክታብና የልብስ ቁልፍ ያረፈባቸውን ምስሎች ለየብቻ ምልክት እያደረጉልኝ ነው። ሞዴሉ በእነዚያ ላይ ምን ያህል እንደሚሳሳት ተለይቶ ይሰላል፤ በጥናቱ ጽሑፍም ስማቸው ከጸሐፊዎቹ ተርታ እንዲገባ ከአማካሪዬ ጋር ተስማምተናል።